የሾፌር ሰርፀ መንጃ ፈቃድ

ኦክላንድ ውስጥ ሰርፀን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው። ስሙ ብቻውን አይጠራም፤ ሁልጊዜ «ሾፌር ሰርፀ» ነው። መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው እሱን ሳያስከትል አይሄድም። ሰርፀ ኮፈኑን ያስከፍትና ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያ «ተወው» ወይም «ውሰደው» ይላል። ሲሳሳት አላየሁም። እንግዲህ እውነቱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ ሰርፀ ያን ሁሉ ዘመን ሾፌር እየተባለ ሲኖር አንድም ቀን ከባድ መኪና ነድቶ አያውቅም። ረዳት ነበር።

እዚህ ተወልዶ ላደገ ልጅ ረዳት ምን እንደሆነ ማስረዳት ይኖርብኛል። ረዳት ጎማ ይቀይራል፣ ሸራ ያስራል፣ ጭነቱ ላይ ተኝቶ ያድራል። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና! በቃ!» እያለ ይጮኻል። ዳገት ላይ ሲቆም ደግሞ እንዳይንሸራተት ሮጦ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ታኮ ማለት የእንጨት ጉማጅ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ሾፌሩ ምግብ ቤት ሲገባ «ኖር!» ተብሎ ይነሡለታል፤ ረዳቱን ግን በስሙ የሚጠራው እንኳ የለም። «አንተ ረዳት!» ነው። ሰርፀም በልጅነቱ በአሰብ መንገድ ላይ ስንት ዓመት «አንተ ረዳት» ሲባል ኖሯል።

ሾፌርነቱ የመጣው በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነው። ልጁ ሶልያና ገና ትድህ ነበር፤ እሱም ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣል። ጠረጴዛው ዙሪያ የከበቡት ሰዎች አንዱ መምህር ነበርኩ ይላል፣ አንዱ ሒሳብ ሹም፣ አንዱ የፊታውራሪ ልጅ። እዚህ አገር ሁላችንም ወይ ታክሲ እንነዳለን ወይ ሽማግሌ እናጥባለን፤ ስለዚህ ሰው የሚመዘነው እዚያ በነበረው ነው። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ሰርፀ ዞረና «አንተ አሰብ መንገድ ላይ ነበርክ አሉ፤ ሾፌር ነበርክ እንዴ?» አለው። ሰርፀ «አዎ» በሚል ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከነቀነቀ በኋላ ደግሞ እንዴት ይመለሳል? ሰው ምን ይለኛል የሚል ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ። ዝምታው ዓመት ሲሞላው ወሬ ሆነ፤ ወሬው ጨዋታ ሆነ። ጨዋታ ደግሞ ይችልበታል።

የሚወደድለት ጨዋታ የባቲ ቁልቁለት ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲወርዱ፣ ተሳቢው ሙሉ እህል ጭኖ፣ ፍሬኑ እምቢ ይላል። ሰርፀ ከተቀመጠበት ሆኖ መሪ የያዘ ይመስል እጁን ዘርግቶ፣ ማርሹን በአፉ እያጓራ እየቀነሰ፣ መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ ያስጠጋዋል። «ያ ሞኝ ረዳቴማ» ይላል ከዚያ፣ «ገብርኤል ድረስ! ገብርኤል ድረስ! እያለ እንደ ሕፃን ልጅ ያለቅስልሃል!» ድምፁን አቅጥኖ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ ረዳቱን ሲሆንልን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋሽ ክፍለ የሚባሉ አዛውንት ከሲያትል ወደ አላሜዳ፣ ልጃቸው ዘንድ መጡ። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ከኛ ከሁላችን ይጠራል። እዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድተው፣ አሜሪካም መጥተው ከሲያትል እስከ ቴክሳስ ያን የሚያህል ትራክ ሲነዱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ቴሌግራፍ አቬኑ ካለው ካፌ ሲገቡ ሰርፀ የባቲን ቁልቁለት እያወረደን ነበር። ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ከመካከላችን አንዱ ደስ ብሎት «ጋሽ ክፍለ፣ ይኸውልዎት የአሰብ መንገድ ሰው አገኘንልዎት! ሾፌር ነበር!» አላቸው። ሽማግሌው ሰርፀን አዩት። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ያዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «እንዴት ነህ፣ ሾፌር» አሉት።

ያን ጊዜ ሰርፀ ተነሥቶ ቢሄድ ጥሩ ነበር። እኛ ግን «ጨርስልን እንጂ!» አልነው። እሱም ጨረሰው። ረዳቱን አስለቀሰው፣ አፍንጫውን በእጅጌው አስጠረገው፣ እኛም ሳቅን። ጋሽ ክፍለ ማኪያቷቸውን ግማሽ ላይ ትተው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ደክሟቸው ነው አልን። ሰርፀ ግን በአሰብ መንገድ ስንት ዓመት ረዳቱ ሆኖ አብሮት የሠራውን ሾፌር አልሳተውም። እኚሁ ጋሽ ክፍለ ነበሩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰርፀ ቴሌግራፍ ላይ አልታየም። ስንጠይቀው «ፓርኪንግ አይገኝም» ይላል፤ ዕድሜውን ፓርኪንግ ውስጥ የጨረሰ ሰው!

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። የሳን ሆዜው ባስልኤል የማኅበራችን አባል ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ደግ፣ ትንሽ ችኩል ልጅ ነው። አርቪ ገዛ። አርቪ ማለት አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ ሽንት ቤት ያለው፣ ከውጭ ሲያዩት አውቶቡስ የሚመስል መኪና ነው። ገዝቶ ሲያበቃ ለማኅበሩ ሰጠ፤ ዘንድሮ እናቶቻችን ለሐምሌ ገብርኤል ከሳክራሜንቶ ወዲያ ተራራው ላይ ወዳለችው ገዳም በዚህ ይሂዱ አለ። ስጦታው ልብ ይነካል፤ ምክንያቱም እማማ ጸሓይን የመሳሰሉ እናቶች ሽንታቸው ስለማይያዝላቸው በትንሽ መኪና ያን መንገድ ከተዉት ቆይተዋል። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበን ባስልኤል ሲያስረዳ እንዲህ አለ፦

«አንድ ነገር ብቻ አለ። አርቪው ፎርቲ ስሪ ፊት ነው። እስከ ፎርቲ ድረስ ቢሆን ኖርማል ላይሰንስ ይበቃ ነበር። ከፎርቲ ካለፈ ግን ዲኤምቪ ክላስ ቢ ይፈልጋል። ኮሜርሻል መሆን የለበትም፤ ግን ሪትን ቴስት አለው፣ በራሱ መኪና ሮድ ቴስት አለው፣ ስለ ጤናም ይጠይቃሉ። እውነት ለመናገር እኔም ያወቅኩት ከገዛሁ በኋላ ነው።»

ዲኤምቪ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው፤ ክላስ ቢ ማለት ደግሞ የትልቅ መኪና ፈቃድ። የፍሪጁን የመብራት ፍጆታ ሳይቀር አጥንቶ፣ ርዝመቱ ምን እንደሚያስከትል ሳይጠይቅ የገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሸጠለት ሰውዬ ፍሪሞንት ድረስ ነድቶ መጋዘን ግቢ ውስጥ አቁሞለት ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

«እና ማን ይንዳው?» አልኩ እኔ። የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ መጠየቅ ሥራዬ ነው።

አዳራሹ ሙሉ አንድ ላይ ወደ ሰርፀ ዞረ። ባስልኤል ሳቀ፣ «ጋሽ ሰርፀ እያሉልን! ለእርስዎ ይኼ ምንድን ነው፣ ቴስቱን ብቻ ፓስ ማድረግ ነው።»

ሰርፀ ላብ ሲያጠምቀው አያለሁ። ሞቆት ነው ብዬ መስኮት ከፈትኩለት። እማማ ጸሓይ በምርኩዛቸው እየተንፏቀቁ መጥተው ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። «ልጄ፣ ገብርኤልን ሳላይ ልሞት ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በአንተ ላየው ነው» አሉት። እንግዲህ ይህን ያለችን እናት ማን አፉ ደፍሮ አልችልም ይላታል? አለመቻሉን መናገር ውርደት ሆነበት። ሽማግሌን ሰው ፊት «ለመሆኑ ትችላለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ማናችንም አልጠየቅንም። እንዲህ ነው እኛ ሰው ገደል የምንከተው፤ አክብረን።

«እሺ» አለ ሰርፀ። «ላይሰንሱን አወጣለሁ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ እሱና ሶልያና ናቸው፤ በኋላ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ።

ሶልያና ነርስ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል። አባቷ መጽሐፉን እንድታስጠናው ሲጠይቃት ደስ ብሏት በየምሽቱ ከሥራ መልስ ታነብለት ነበር። ሕፃን ሳለች ትምህርት ቤት «አባቴ በተራራ ላይ ትልቅ ትራክ ይነዳ ነበር» ብላ ክፍሉ ፊት ቆማ ተናግራ ተጨብጭቦላት ታውቃለች። ያን ቀን ሰርፀ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱም አጨበጨበ።

የጽሑፉን ፈተና በሁለተኛው አለፈ። ያኔ በእግዜር ፊት ሌላ ሰበብ አልቀረውም። እማማ ጸሓይንና ሌሎቹን አሮጊቶች ይዞ፣ በማያውቀው መኪና፣ ተራራ መውጣት ሊኖርበት ነው። ወይም ደግሞ አፉን ከፍቶ መናገር። ሌሊት እንቅልፍ አጣ፤ ቀን ሰው ሲያገኘው «እንዴት ነው ሾፌር፣ ልምምዱ?» ሲለው ሥራ ረፍዶብኛል ብሎ ይሄዳል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል እል ነበር ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ ፍሪሞንት ሄዱ። ግቢው የታጠረ ስለሆነ መንገድ ሳይወጡ መለማመድ ይችላሉ። ሰርፀ መኪናውን ከበበው። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በዱላ መታ። ከታች ተንፏቆ ገባና ዘይት እንዳይፈስ አየ። መብራቱን፣ ስፖኪዮውን፣ የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ፈተሸ። ደግሞ እንደገና ዞረ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሶልያና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቡናዋን ጨርሳ «ዳዲ፣ አር ዊ ጎና ድራይቭ?» አለችው። ለካ ሰውዬው የሚያውቀውን ሥራ እየሠራ ነበር፤ የሚያውቀው ሲያልቅበት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በመጨረሻ መሪው ላይ ተቀመጠ። ወደ ፊት ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ደህና ሄደለት። ወደ ኋላ ሲመልሰው ግን ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ስፖኪዮ ማየት ትቶ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ሰጠ። ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ይጠብቃል። «በቃ!» የሚለውን ሰው ይጠብቃል። ከኋላ ማንም አልነበረም። እዚያ ይቆም የነበረው እሱ ራሱ ነዋ። መኪናው የአጥሩን ብረት ገጨ፤ የኋላው ጥግ ገባ አለ።

ሶልያና ሮጣ ወጣች። አይታ ተመለሰችና፣ ልጅ ናት፣ ዝም ብላ የመጣላትን ተናገረች። «ዳዲ፣ ትራክ ትነዳ አልነበር?»

ሰርፀ ከመሪው ወርዶ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኗን ሳያይ ነገራት። «ሶሊ፣ እኔ ሾፌር አልነበርኩም። ረዳት ነበርኩ።»

«ረዳት... ላይክ፣ የሚያግዝ?»

«አዎ። የሚያግዝ።»

እሷ ጠበቀች፤ ሌላ ነገር የሚጨምር መስሏት። አንድ ሰው ገድዬ ነበር የሚል ዓይነት ነገር። ሳይጨምር ሲቀር «ሶ ዋት?» አለችው። አባቷ ሃያ ምናምን ዓመት በአንገቱ የተሸከመውን ድንጋይ፣ እሷ ድንጋይ መሆኑም አልታያት። ይህ ነው ይበልጥ ያሳፈረው። ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷ ተለወጠ። ክፍሉ ፊት ቆማ የተናገረችው ትዝ አላት። «ለኔ ለምን ዋሸኸኝ? ሌሎቹን እሺ። እኔን ለምን?» አለችው፤ ይህን በአማርኛ ነበር ያለችው፣ ቃል ሳትሳሳት። ሰርፀ አለቀሰ። ረዳቱን እያስለቀሰ ሲያስቀን የኖረ ሰው፣ ፍሪሞንት መጋዘን ግቢ ውስጥ፣ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ለባስልኤል ደውሎ መኪናህን ገጨሁብህ ሲለው ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ኖ፣ ኖ ጋሼ፣ ብረቱ ነው ቦታውን ስቶ የቆመው!» አለው። አክብሮታችን ብረት ይወቅሳል።

ሶልያና ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው መጣችና ጥናቱን ራሷ ጀመረች። «እናቶቹ መሄድ አለባቸው። ሰምቦዲ ሃዝ ቱ ድራይቭ። እኔ አወጣዋለሁ» አለች። ጽሑፉን በአንድ ጊዜ አለፈች። ይሁን እንጂ በተለማማጅ ፈቃድ መንገድ ለመውጣት፣ ጎኗ ያን ዓይነት መኪና ለመንዳት ፈቃድ ያለው ሰው መቀመጥ ነበረበት። ያለዚያ መኪናውን ዲኤምቪ ድረስ ወስዳ መፈተንም አትችልም። አሽከርካሪ ማሠልጠኛዎች ጋ ኮል አድርጋ ነበር፤ ቀጠሮ የሚገኘው ከገብርኤል በኋላ ነው።

«ዳዲ፣ ክላስ ቢ ወይም ኤ ያለው ሰው ታውቃለህ?» አለችው።

ያውቃል። አንድ ሰው ያውቃል።

አላሜዳ ሲደርስ በሩ ፊት ቆሞ ደወሉን ሳይደውል መመለስ አምሮት ነበር። ጋሽ ክፍለ በመስኮት አይተውት ኖሮ ራሳቸው ከፈቱለት። «ግባ» አሉት። ገባ። «ተቀመጥ» አሉት። የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ድሮ በፊታቸው እንደዚያ ነበር የሚቀመጠው፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ።

«ጋሽ ክፍለ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ሾፌር ነበርኩ ብዬ...»

«እሱን አውቀዋለሁ።»

«ያን ቀን ካፌው ውስጥ ሊያጋልጡኝ ይችሉ ነበር።»

«ምን ብዬ? ሰው ሁሉ እዚህ አገር ሲመጣ አንድ ማዕረግ ይጨምራል። አንተም ጨመርክ። እኔ በዚህ አልተቀየምኩህም።»

ሰርፀ ቀና አለ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ቁጣ ገባበት።

«የተቀየምኩህ በረዳቴ ነው። ባቲ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲበጠስ እኔ መሪ ይዤ ደርቄ ቀርቼ ነበር። ማርሽ አልቀነስኩም፣ ተራራም አላስጠጋሁም፤ እጄ አልታዘዘኝም። በሩን ከፍቶ፣ ታኮ ታቅፎ፣ ከሚሄድ መኪና የዘለለው ማን ነው? አንዱ ታኮ ሲፈነጠር ሌላውን ሊያመጣ እየሮጠ፣ ጣቱ እስኪደቅ ድረስ ጎማ ሥር ያስገባው ማን ነው? እኔ በእሱ ነው ዛሬ ልጅ ወልጄ እዚህ የተቀመጥኩት። አንተ ግን ያን ልጅ በየካፌው አቁመህ ታስለቅሰዋለህ። ሰው ታስቅበታለህ። እኔ ፊት ሳይቀር! ማን ፈቀደልህ?»

ሰርፀ ግራ እጁን ደበቀ። ሁለት ጣቶቹ ቀጥ ብለው እንደማይዘረጉ እኛም እናውቅ ነበር፤ የፓርኪንግ በር ነው የጨፈለቀኝ ይለን ነበር። በዚያ ሰዓት የተሰማው ሐፍረት ከእስከዚያ ቀኑ ሁሉ የተለየ ነበር ብሎ ነግሮኛል። እስከዚያ ድረስ የሚያፍረው በረዳትነቱ ነበር። አሁን ያፈረው በረዳቱ ፊት ነው።

ጋሽ ክፍለ «ለምን መጣህ ታዲያ?» አሉት። ነገራቸው። ላይሰንሳቸውን እስካሁን እያደሱ አስቀምጠውታል። ጀርባቸው የገዳሙን ሩቅ መንገድ አይችልላቸውም፤ ልጂቱ አጠገብ ለመቀመጥ ግን ይበቃሉ። «ሦስት ዓመት ስትሸሸኝ ኖረህ፣ ዲኤምቪ ጎትቶ አመጣህ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። «አንተ ከኋላ ትቆማለህ። እሷ ስፖኪዮውን ታያለች፣ አንተን ትሰማለች። እኔ እንደዚያ ነው የነዳሁት።»

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ፍሪሞንት ግቢ ያለፈ ሰው ጉድ አይቷል። አንዲት ነርስ አውቶቡስ የሚያህል መኪና ስትነዳ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ከጎኗ ሲያዟት፣ አንድ ሽበታም ሰው ደግሞ ከኋላ ቆሞ በአማርኛ ሲጮኽ። ሶልያና ብቻዋንም በስፖኪዮው ወደ ኋላ መሄድ እስክትችል ድረስ አልለቀቋትም፤ የዲኤምቪ ፈታኝ አባት ከኋላ አቁሞ አይፈትንም። ስትፈተን ሰርፀ ከዲኤምቪው አጥር ውጭ ቆሞ ነበር። አለፈች።

ለኛ ግን ማንም አልነገረንም። እኔም አልሰማሁም። ሰርፀ «የላይሰንሱ ነገር አለቀ» አለኝ፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከመንገዱ አንድ ቀን በፊት እንኳ መናገር ይችል ነበር። አልተናገረም፤ ይሉኝታ በአንድ ኑዛዜ የሚለቅ በሽታ አይደለም።

የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ማለዳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነጠላ የለበሱ እናቶች ተሰልፈዋል። ባስልኤል ከሳን ሆዜ መጥቶ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ለሰርፀ አቀረበለት። ሰው አጨበጨበ። «ሾፌራችን!» አለ አንዱ።

ሰርፀ ቁልፉን ተቀበለ። ፊቱ ጠቁሯል። ዞሮ ለልጁ ሰጣት።

«ላይሰንሱ የሷ ነው» አለ። ድምፁ አልወጣም፤ ደግሞ አለው። «ላይሰንሱ የሶሊ ነው። የምትነዳው እሷ ናት። እኔ ከባድ መኪና ነድቼ አላውቅም። ረዳት ነበርኩ። ዋሽቻችኋለሁ።»

ግቢው ጸጥ አለ። እዚህ ላይ አንድ ሰው ደህና ነገር ተናገረ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ማንም አልተናገረም። ባስልኤል ስልኩን አየ። አንዷ ሴት ለጎረቤቷ ሹክ አለች። እኔም ራሴ ማለት የነበረብኝን ሳልል ዝርዝሬን ማገላበጥ ጀመርኩ። በዝምታ ያስጀመርነውን በዝምታ ጨረስንለት። ሰርፀ እጁ ከጎኑ ተንጠልጥሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እንደ ተማሪ ቆሞ ቀረ።

ከመኪናው ውስጥ ሶልያና ሞተሩን አስነሣች። መስኮቱን አውርዳ «አባዬ!» አለችው። ስትጠራው ሁልጊዜ ዳዲ ነበር። «ከኋላ ቁምልኝ!»

ግቢው ጠባብ ነው፤ በሁለቱም በኩል መኪና ቆሟል። ሰርፀ ወደ ኋላ ሄደ። መጀመሪያ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «ና... ና...» ከዚያ ጠነከረ። «ና! ና! ቀኝ ያዢ! ና! በቃ!» እጁን ዘርግቶ፣ ያን የማይዘረጋ ጣቱን ጨምሮ፣ ያን የሚያህል መኪና ከአንድም ስፖኪዮ ጋር ሳታነካካ አስወጣት።

መንገድ ላይ ብዙ ሰዓት ወሬ አልነበረም። ሰርፀ ፊት ለፊት፣ ከልጁ ጎን ተቀምጦ መንገዱን ብቻ ያያል። ማጅራቱ ቀልቷል። ከሳክራሜንቶ አልፈን ተራራውን መውጣት ስንጀምር፣ እማማ ጸሓይ ከአልጋው ላይ ሆነው ተጣሩ። እሳቸው ግቢ ውስጥ የተባለውን ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አላውቅም።

«ሰርፀ፣ ልጄ፣ ያን የባቲውን ጨዋታህን አጫውተን እስቲ። ያ ረዳት ሲያለቅስ።»

ሶልያና ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ መሪውን አጥብቃ ያዘች። ሰርፀ ወደ ኋላ ዞረ።

«አላለቀሰም፣ እማማ» አለ። «ታኮውን ይዞ ዘሎ ወረደ።»